ሕመምን መቻል ቁስልን አያድንም

ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከተኛ ሰው ራስጌ ምክር አይጠፋም። አብዛኛው ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ በሽተኛውን የሚጎዳ ምክር ግን ከማንም ይምጣ መታረም አለበት።

«ተቀዶ የማያመው የለም፤ ቻል አድርገው»

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነውና። ሆዱ ወይም ደረቱ የተከፈተ ሰው ሕመሙ ካልታገሰለት በረጅሙ መተንፈስ፣ ማሳልና መገላበጥ ይፈራል። ትንፋሹ ባጠረ ቁጥር የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር እያጣ ይኮማተራል፤ ያልወጣው አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምችም በዚህ መንገድ ይገባል። ሳይንቀሳቀስ በሚተኛ ሰው እግር ውስጥ ደግሞ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይታገስ የቀረ ብርቱ ሕመም፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለወራት ከሚዘልቅ ሕመም ጋር እንደሚያያዝም ይታወቃል።

የማስታገሻ ግብ ሕመምን ከነጭራሹ ማጥፋት አይደለም፤ በሽተኛው በደንብ ተንፍሶ፣ አስሎ፣ ተነሥቶ እንዲራመድ ማስቻል ነው። ስለዚህ ነርሷ «ከ0 እስከ 10 ስንት ያምዎታል?» ብላ ስትጠይቅዎ፣ ጸጥ ብለው በተኙበት የሚሰማዎትን ብቻ ሳይሆን ሲያስሉ የሚሰማዎትንም ይንገሯት። ሲያስሉ ትራስ ወይም የታጠፈ ፎጣ በስፌቱ ላይ አድርገው በሁለት እጅዎ ደገፍ አድርገው ይያዙት። ከአልጋ ሲነሡም በቀጥታ ቀና አይበሉ፤ ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ጎን ይዙሩ፣ ከዚያ እግርዎን ወደ ታች እያወረዱ በክንድዎ ተደግፈው ይቀመጡ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የተሰፋ ሆድ ይዞ የተነሣ ነው።

«ማስታገሻ የሚወሰደው ሕመሙ ሲብስ ብቻ ነው»

የሚዋጥ መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አንዴ የበረታን ሕመም መመለስም ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በታዘዘው ሰዓት መውሰድ ይሻላል። በዚያው ልክ መጠኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። ፓራሲታሞል ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሰው ሳያውቀው ይደርበዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ናቸው፤ ሌላውን ስላሻሉ ብቻ አይወሰዱም።

«ሞርፊን የወሰደ ሱሰኛ ሆኖ ይቀራል»

ሞርፊን የተባለው ብርቱ ማስታገሻ ሱስ ሊያስይዝ መቻሉ እውነት ነው። ለብርቱ ሕመም በሐኪም ክትትል ለጥቂት ቀናት ሲሰጥ ግን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ያለ ክትትል ሲራዘም ይጨምራል። ሐኪሞችም ፓራሲታሞልንና ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌን በማጣመር የሚያስፈልገውን የሞርፊን መጠን ይቀንሳሉ። ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን ያዘገያል። ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር መቀላቀል የሌለበትም ለዚህ ነው። በሽተኛው ራሱ ቁልፍ እየተጫነ መድኃኒት የሚያገኝበት መሣሪያ ከተገጠመለት፣ አስታማሚ አዝኖለት እንኳ ቁልፉን መንካት የለበትም። መድኃኒቱ እንቅልፍ የጣለው ሰው ቁልፉን አይጫንም፤ ከመጠን በላይ እንዳይወስድ የሚጠብቀው ይኸው ነው።

«ሕፃን ሕመም አይሰማውም»

ይህንን ሐኪሞችም ያምኑበት ነበር። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አራስ ሕፃናት ነበሩ። በ1987 የታተመ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው በቀዶ ጥገና ወቅት ጠንካራ ማስታገሻ የተጨመረላቸው ሕፃናት ሰውነታቸው ካልተጨመረላቸው ያነሰ እንደተጨነቀ፣ ከዚያ በኋላም የገጠማቸው ችግር ያነሰ እንደነበር አሳየ። አፍ ያልፈታ ልጅ የሚናገረው በፊቱ ነው፤ ግንባሩን ሲቋጥር፣ እግሩን ወደ ሆዱ ሲሰበስብ፣ አባብለውት ለቅሶውን ሳይተው ሲቀር ለሐኪሙ ይነገር።

«ሆዴን ተቀድጄ ትከሻዬን ካመመኝ አንድ ነገር ተበላሽቷል»

በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ጥገና፣ ለምሳሌ ሐሞት ከረጢት ሲወጣ፣ ሆድ የሚነፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የቀረው ጋዝ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ሲቆረቁር ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ሐኪም ወዲያውኑ ሊያየው ይገባል።

«ሕመሙ ቢጨምርም ማስታገሻ መጨመር ይበቃል»

አይበቃም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለ ሕመም በአብዛኛው ቀን በቀን እየቀለለ መሄድ አለበት። እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ፣ የአንድ እግር ባት ካበጠ ምርመራ ያስፈልጋል። ጄሶ የታሰረለት ሰው በማስታገሻ የማይመለስ ብርቱ ሕመም ከተሰማው፣ ጣቶቹም ከደነዘዙ፣ ደም ዝውውሩ ተዘግቶ ጡንቻው እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።