«ሐበሻ አያነብም» እና ስለ መጽሐፍ የምንደጋግማቸው ሌሎች ስሕተቶች

«ከሐበሻ ገንዘብ መደበቅ ከፈለግህ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጠው» የምትለዋን ቀልድ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ መጽሐፍ ምርቃት ላይ ሰምቻታለሁ። ሰው ስቆ ያልፋታል፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ታሳዝነኛለች። ዕድሜዋን ያረዘሙላት ስለ መጻሕፍታችን ያሉን የተዛቡ ወሬዎች ይመስሉኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እያነሣሁ እውነታውን ከሥራቸው ላስቀምጥ።

«የግዕዝ ፊደል ማተሚያ ቤት የገባው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው»

ማተሚያ ወደ አገራችን ዘግይቶ መድረሱ እውነት ነው። ፊደላችን ግን በማተሚያ ወረቀት ላይ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)፤ እዚህ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። የታተመውም መዝሙረ ዳዊት ነበር። ነገሩ የተጀመረው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ሲያዜሙ በመስማቱ ነው። ከማያውቀው ቋንቋ መሀል የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለየ፤ ልቡ ተሳበና ተጠግቶ ጠየቃቸው። አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባሉ መነኩሴ ግዕዙን አስተማሩት። ፖትከን መጽሐፉን ሲያሳትም የቋንቋውን ስም ተሳስቶ «የከለዳውያን» ብሎ ጻፈበት፤ በዚህ የተነሣ አውሮፓውያን ግዕዝን ለረጅም ጊዜ በዚህ ስም ሲጠሩት ኖረዋል።

ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው እዚያው ሮም አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የግራኝ ጦርነት አገራቸውን አቃጥሎ ባለፈ ማግስት የተሠራ ሥራ ነው። በመጨረሻ ለአንባቢው ያኖሩትን ይቅርታ ባሰብሁት ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚዎች ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ መልቀም አንችልም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠርተነዋልና ስሕተቱን በክፉ አትዩብን።

«መጽሐፈ ሄኖክን ጠፍቶ ከነበረበት ያገኘው ጀምስ ብሩስ ነው»

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1773 ሦስት ቅጂዎች ለአውሮፓ ማድረሱ አይካድም። «አገኘው» የሚለው ቃል ግን ልክ አይደለም። ያልጠፋ ነገር አይገኝም። አውሮፓ መጽሐፉን በጣለችበት ጊዜ ሁሉ እዚህ ይገለበጥ፣ ይነበብ፣ ይተረጎም ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከመጻሕፍተ ኦሪት ወነቢያት ጋር ይቆጠራል፤ ቤተ እስራኤሎችም ያውቁታል።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ የኛ ሰው «ከግዕዝ በቀር በሌላ ቋንቋ ጭራሽ የለም» ሲል እሰማለሁ። ይህም መታረም አለበት። በግብፅ የግሪክኛው ከፊል ተገኝቷል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይስጥ ቁርጥራጮች ወጥተዋል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ የቆየው ግን በግዕዝ ብቻ ነው።

«የአባ ገሪማ ወንጌል ቢበዛ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው»

ይህ ምሁራን ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የያዙት ግምት ነበር። ዐድዋ አጠገብ ካለው ገዳም መጻሕፍት የተወሰደው የብራና ናሙና ኦክስፎርድ ላይ በካርቦን ሲመረመር ዘመናቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ባለው ውስጥ ወደቀ። ገዳማውያኑ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እንደፈጸሙ፣ ፀሐይም እስኪጨርሱ እንደቆመችላቸው ይተርካሉ። ትርክቱ የእምነት ነው፤ መጻሕፍቱ የጥንት መሆናቸውን ግን ምርመራው ከገዳሙ ጋር ሆኖ መስክሯል።

«የቆሎ ተማሪ ይሸመድዳል እንጂ አያነብም»

ከሁሉም የሚከነክነኝ ይህ ነው። ንባብ ቤት ምን እንደሚሠራ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ልጁ ሀሁን በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል። በዜማ የያዘውን እንዲሁ እንዳያወርደው አቡጊዳ ይመጣበታል፤ ያው ፊደል ተራው ተለዋውጦ ማለት ነው። በጆሮው ብቻ ያጠና እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ በዓይኑ የለየ ያልፋል። ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ፣ የዮሐንስ መልእክት ነው። በመጀመሪያ ግዕዝ በሚባለው ንባብ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየለቀመ፤ ከዚያ ውርድ ንባብ፤ ከዚያ ቁም ንባብ። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የአነባበብ ሕጎች የሚለመዱት በዚህ ጊዜ ነው። ወዳቂውን አንሥቶ ያነበበ እንደሆነ የኔታ መጽሐፉን ሳያዩ፣ ራቅ ብለው እንደተቀመጡ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ያርሙታል።

አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ጋቢያቸውን ይከናነቡና የዕለቱን ድርሻ ይደግማሉ። መዝሙሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ ገጹን ሳይገልጡ አንድም ቀን ደግመው አያውቁም። የእያንዳንዱ ቅጠል የታችኛው ጥግ ከአውራ ጣታቸው የተነሣ ጠቁሮ፣ ሰም እንደተቀባ ያብለጨልጭ ነበር።

ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ መሸምደድ ፈጽሞ አያዋጣም። ተማሪው ሲቆጥር ይውልና ማታ ለመምህሩ ሰም ከወርቅ የገጠመ አዲስ ቅኔ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የትናንቱን የራሱንም አይደግምም። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ቀኑን ሙሉ የምታንከራትትበት ጊዜ አለ።

«የድሮ መጽሐፍ ሁሉ ግዕዝ፣ ሁሉም የገዳም፣ ሁሉም የተቆለፈበት ነበር»

የሐረር ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ጀጎል ውስጥ ለዘመናት ቁርኣንና የሸሪዓ መጻሕፍት ሲገለበጡ ኖረዋል፤ የሐረር መጽሐፍ ጠራዦች ጥበብ በ1855 ከተማዋ የገባውን ሪቻርድ በርተንን አስደንቆታል። በወሎም መንዙማ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ፣ ዐጀሚ በሚባለው አጻጻፍ ተጽፏል። በአማርኛ ከተጻፉት መካከል ለዐፄ ዐምደ ጽዮንና ከሳቸው በኋላ ለነገሡት የተገጠሙት የነገሥታት ግጥሞች አሉ፤ «አማርኛ መጻፊያ የሆነው በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ነው» የሚለውን በአምስት መቶ ዓመት ይቀድሙታል።

መጽሐፍ ተቆልፎበት ይኖር ነበር ለሚለው ደግሞ ማኅደሩን፣ የመጽሐፉን የቆዳ መያዣ፣ ማየት ይበቃል። ቆዳው ማንገቻ ያለው ለትከሻ ነው፤ መጽሐፉ መንገድ ይወጣ ነበር። ይዋሳል፣ ለመገልበጥ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ይሰረቃል። ለዚህ ነው ብዙ ብራናዎች ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚለው ግዝት የሚገኘው፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። የፋቀው የተባለው የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን የሚያስገባ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በድንጋይ ታሽቶ ለተገኘ ብራና ግዝቱ አይበዛበትም።

«የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የፈረንጅ ትርጉም ነው»

ያሳተሙት እንግሊዞች ናቸው፤ የተረጎመው ግን አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቅ ኢትዮጵያዊ ነው። ብዙ አገር የዞረ፣ ሕንድ ድረስ የደረሰ ሰው ነበር። ካይሮ ላይ ታሞ ሳለ አስሊን የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ረዳው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለ10 ዓመታት ያህል፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን እየዘጉ፣ ከዐረብኛው ወደ አማርኛ ሠሩት። በአቡ ሩሚ የእጅ ጽሕፈት 9,539 ገጽ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ እሱን ካይሮ ላይ ወረርሽኝ ገደለው። የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1820 በ1,250 ፓውንድ ገዛ፤ ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። የአንድ ቋንቋን ንባብ እንዲህ የለወጠ ሰው በስሙ የሚያውቀው ማነስ ያስቆጨኛል።

«ከመቅደላ የተወሰደ መጽሐፍ አልተመለሰም»

ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አንድ ሺህ የሚደርሱ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ አስጭኖ ወረደ፤ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። አብዛኞቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። አንድ ግን ተመልሷል። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ክብረ ነገሥትን ላኩልኝ ብለው ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ሕግ ያለው በሱ ውስጥ ነው፣ ያለ እሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበልም የሚል ሐሳብ ነበረው። ሙዚየሙ በዚያው ዓመት መለሰው። አንድ ንጉሥ ያለ መጽሐፉ አገር አይገዛልኝም ሲል ደብዳቤ የጻፈበትን ታሪክ ይዘን «መጽሐፍ አናውቅም» ብለን መቀለዳችን ነው የሚገርመኝ።

«የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ፍቅር እስከ መቃብር ነው»

አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሟል። ዛሬ ልቦለድ የምንለውም ቃል በዚያው ርእስ ላይ አለ።

«ሐበሻ አያነብም»

ወደ ቀልዷ ልመለስ። መጽሐፍ ውድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ርቆ የመጽሐፍ መደብር ማግኘትም ያስቸግራል። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቁጥሩን ገዝቶ በሚያነበው ሰው ብቻ ከቆጠርነው እኛ የምናነብበትን መንገድ አላየነውም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ያነባል፣ ብዙ ሰው ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ስንት ቤት እንደተከተለው የዚያን ዘመን ሰው መጠየቅ ነው፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድምፁ እንጂ በገጽ ያላወቀ ሞልቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው፤ ማታ ማታ ደብተር ይዘው የወጡት እናቶችና አባቶች ለማንበብ ካልጓጉ ለምን መጡ? በየከተማውም መጽሐፍ በቀን ሒሳብ ይከራይ ነበር፤ አንዱ ቅጂ በስንት እጅ እንዳለፈ ሽፋኑ ላይ ያስታውቃል።

ከነዚህ አንዱ እኔ ጋ አለ። ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለብጧል። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተቀደው ጠፍተዋል። በቦታቸው አንድ ሰው የደብተር ሉክ በክር ሰፍቶ አስገብቶበታል። ከሌላ ቅጂ ተውሶ መሆን አለበት፣ የጎደለውን ገጽ ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ደቃቅ አድርጎ፣ አንድም ሥርዝ ሳይኖርበት ገልብጦታል። ስሙን አልጻፈም። ከመጨረሻው መስመር ሥር እንደ ብራና ጸሐፊዎቹ «ተፈጸመ» ብሎ አራት ነጥብ አድርጎበታል።