የኃይል ሚዛን ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ዕለት ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን ደብተሩን ዘረጋልኝ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል፤ በአንድ ወገን «ብርቱ ጎን»፣ በሌላው «ደካማ ጎን»። የቤት ሥራው ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የሰሜኑን ብርቱ ጎን እስከ ታች ሞልቶታል። የደቡቡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ሰሜኑ ይሄ ሁሉ ካለው ለምን አራት ዓመት ፈጀበት?»

ጥሩ ጥያቄ ነው።

የኃይል ሚዛን የሚባለው የሁለት ተፋላሚዎች ብልጫና ጉድለት ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ብዙ ሰው ወታደርና ጠመንጃ መቁጠር ይመስለዋል። ማን ምን ፈልጎ ይዋጋል? የት? ስንቁስ ከየት ይመጣል? እነዚህም ይመዘናሉ። (የኃይል አሰላለፍ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ማን ከማን ጋር ቆመ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሞልቷል።)

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1861 ሲጀመር ሰሜኑ ወደ 22 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ደቡቡ 9 ሚሊዮን ያህል፤ ከዚያም ውስጥ 3 ሚሊዮን ተኩሉ ገደማ ባሪያ ተደርጎ የተያዘ ነው። ፋብሪካውም፣ መርከቡም፣ አብዛኛው የባቡር ሐዲድም የሰሜኑ ነበር። ግን ሰሜኑ እንዲያሸንፍ ያን ሰፊ አገር ገብቶ መያዝ አለበት። ደቡቡ አለመሸነፍ ብቻ ይበቃዋል። ደግሞ በገዛ አገሩ፣ በሚያውቀው ጫካ፣ በጎበዝ ጄኔራሎች ነው የሚዋጋው። አራቱ ዓመት እዚህ ላይ አለቀ።

ደቡቡ የተማመነበት ነገር ደግሞ ከዳው። እርሻውን የሚያርስለት ባሪያ እያመለጠ ወደ ሰሜኑ ሄደ፤ በመጨረሻ 180 ሺህ ያህል ጥቁር ወታደር ለሰሜኑ ተሰለፈ። «እንግሊዝ ያለ ጥጣችን አትኖርም» ብሎም ነበር። ወደቡ ተዘጋበት፤ እንግሊዝ ከግብፅና ከህንድ ገዛች። ጥጥ ደግሞ አይበላም።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ግን ነገሩ ሩቅ አገር እንደሆነበት ገባኝ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ወሰድኩት፣ በወሬ።

ዘመኑ 1834 ዓ.ም. ነው፣ ዘመነ መሳፍንት። በአንድ ወገን ራስ አሊ፤ የየጁ ፈረሰኛ ከኋላቸው አለ፣ እዚህ ጎንደር ያለውን ንጉሥ የሚሾሙ የሚሽሩም እሳቸው ናቸው። በሌላው ደጃዝማች ውቤ፣ የስሜን ተራሮች አገርና የትግራይ ገዥ። በምጽዋ በኩል ነፍጥ ስለሚገባላቸው በመሣሪያ ይበልጣሉ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም ከእሳቸው ጋር ናቸው። በልጁ ሠንጠረዥ ቢሰፍር ውቤ ያሸንፋሉ። አሸነፉም! ነፍጡ ፈረሰኛውን በተነው፣ ራስ አሊ ሸሹ።

ከዚያ ድግስ ሆነ። ውቤ ድንኳናቸው ውስጥ የድል መጠጥ ሲጠጡ፣ የአሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊው እስረኛ ሆኑ። የዚያ ዘመን ጦር አለቃው ከተያዘ ይበተናል። ያን ያህል ነፍጥ የያዘ ሠራዊት በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ የጀመሩት ከቋራ በጥቂት ሰው ነው። በ1840 ዓ.ም. ሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ሲያሸንፋቸው ሥርዓት የያዘ ጦር ምን እንደሆነ አዩ። ከዚያ በፍጥነታቸው ራስ አሊን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ጣሉ። በየካቲት 1847 ተራው ደረስጌ ላይ ከእስር ተፈተው ወደ ግዛታቸው የተመለሱት የውቤ ሆነ። ውቤ አሁንም ነፍጥ አላነሳቸውም። ግን ተሸነፉ፤ ራሳቸው ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ካሣ ነገሡባት።

ልጁ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ጋሼ፣ ድግሱን የት ጋ ልጻፈው?»

«በውቤ ደካማ ጎን። ግን መምህርህ የጠየቀህ ስለ አሜሪካ ነው።»