የጤፍ ብረት የት ነው ያለው? በሲንክሮትሮን ራጅ የንጥረ ነገር ካርታ ስለማንሳት

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ዝም ብሎ አያስለካም። መጀመሪያ ከጆንያው ይዘግናል። መዳፉ ላይ አሸት አሸት አድርጎ እፍ ይላል። ከዚያ ጥቂት ፍሬ በጥርሱ ይሞክራል። ቀጭ ካለበት አፈር አለው ማለት ነው።

ላቦራቶሪም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ጤፉን ፈጭቶ፣ በአሲድ አሟሙቶ፣ በ100 ግራም ውስጥ ይህን ያህል ሚሊግራም ብረት አለ ይላል። ብረቱ ግን የፍሬው ነው ወይስ የአውድማው? ጤፍ በበሬ ሲበራይ አፈር እንደሚቀላቀለውና የሚለካውም ብረት በዚያው ልክ ከፍ እንደሚል የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ካወቁ ቆይተዋል። የአፈርን ብረት ደግሞ ሰውነታችን እምብዛም አይጠቀምበትም። ፈጭቶ መለካት “ስንት?” ለሚለው መልስ አለው። “የት?” ለሚለው ግን ፍሬዋን ሳይሰብሩ ውስጧን የሚያይ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የሲንክሮትሮን ፍሎረሰንስ ቶሞግራፊ የሚባለው ይህን ይሠራል።

ራጅን በ1895 ያገኘው ጀርመናዊው ሮንትገን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሆስፒታል የምንነሳው ራጅ ጥላ ነው። ሲቲ ስካን ያንን ጥላ ከዙሪያው እየደጋገመ ያነሳና ውስጡን በሒሳብ መልሶ ይሠራዋል፤ ቶሞግራፊ የሚባለው ይህ ነው። ለዚህ ሥራ በ1979 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ አለን ኮርማክ ጆሃንስበርግ የተወለደ ነው። ፋሲል ግቢም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ዓመት ነበር።

ጥላ ግን ስም የለውም። ጠቆር ያለው ነጥብ ብረት ይሁን ዚንክ አይናገርም። ስሙን የሚናገረው አቶሙ ራሱ ነው። ራጅ አቶምን ሲመታ ከውስጠኛው እርከን አንድ ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። ክፍቱን ቦታ ከላይ ያለ ኤሌክትሮን ወርዶ ይይዘዋል። የተረፈው ጉልበትም አዲስ ራጅ ሆኖ ይወጣል፤ ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ነው። የዚህ ራጅ ጉልበት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው፤ ለካልሲየም 3.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የራጅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለብረት 6.4፣ ለዚንክ 8.6 ገደማ። ሥርዓቱን በ1913 ያሳየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው።

ይህን ከአንዲት ጠባብ ነጥብ ለመስማት በጣም ብርቱና ቀጭን ጨረር ይጠይቃል። ሲንክሮትሮን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው በቀለበት ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ ማግኔት አቅጣጫቸውን ባጠፈው ቁጥር ራጅ ይለቃሉ። የፈረንሳይዋ ግሬኖብል ያለው ቀለበት ዙሪያው 844 ሜትር ነው። ፋሲል ግቢን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ነው፤ መጠኑን ለመገመት አጥሩን አንድ ጊዜ መዞር ይበቃል።

የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ትመስላለች። በቀጭን የመስታወት ዘንግ ጫፍ ላይ በጠብታ ሙጫ ትለጠፋለች። ዘንጉ ተሽከርካሪ መቀመጫ ላይ ይቆማል። ፍሬዋ ከፀጉር በቀጠነው ጨረር ፊት ከጎን ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ትንሽ ትዞራለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ከጎን ያለው መቀበያ በየነጥቡ የሚወጣውን ራጅ በጉልበቱ እየለየ ይቆጥራል። ስሌቱን እንሞክረው። 200 ነጥብ በ200 አቅጣጫ 40,000 ልኬት ነው። ለእያንዳንዱ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ብንሰጠው አንድ ስስ ገጽ 33 ደቂቃ ይፈጃል። መቶ ገጽ ካማረን ከሁለት ቀን በላይ ነው።

ካርታው እንዲህ ይነበባል። ብረት ከታይታኒየም ጋር ተያይዞ ቅርፊቱ ላይ ከታየ አፈር ነው። የጎንደር አጠገቧ ደምቢያ አፈር ባዛልት ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ሁለቱም አሉበት፤ ተክል ግን ታይታኒየምን እምብዛም ወደ ፍሬው አያስገባም። ብረቱ ብቻውን ከቅርፊቱ ሥር ወይም ቡቃያው በሚወጣበት ክፍል ከተገኘ የፍሬዋ የራሷ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። ጉልበቱ ደካማ የሆነ ራጅ ከመሃል ተነስቶ ሳይወጣ ይቀራል፤ ስለዚህ ካልሲየም መሃል ላይ የሌለ ሊመስል ይችላል።

“የት?” ብሎ መጠየቅ ዋጋ እንዳለው በጣም ያሳመነኝ በ2006 የወጣ ሥራ ነው። የሰናፍጭ ዘመድ የሆነችው አራቢዶፕሲስ ዘር አሜሪካ ብሩክሄቨን ባለው ሲንክሮትሮን ታየ። አንድ ጂን የጎደለው ዘርና ጤነኛው ዘር የያዙት ብረት መጠኑ እኩል ነበር። ቦታው ግን ተለዋውጧል። ጂን የጎደለው ቡቃያ ብረት እንደ ልብ በማይገኝበት አፈር ላይ ማደግ አቃተው። ፈጭቶ የለካቸው ሰው ልዩነታቸውን በጭራሽ አያገኘውም ነበር።

ጎንደር ሌላም የሚታይ ነገር አላት። ከ1888ቱ የድርቡሽ ቃጠሎ ከተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ የረገፈች የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ስባሪ ብትገኝ፣ ንብርብሩ ሳይነካ ይነበባል። ሜርኩሪ ያለበት ቀይና አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ወዲያው ይለያሉ። አርሴኒክና እርሳስ ግን የሚለቁት ዋና ራጅ 10.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይገጣጠምና ያሳስታሉ። መፍትሔው የጨረሩን ጉልበት ወደ 12.5 ማውረድ ነው፤ ያኔ አርሴኒክ ይበራል፣ እርሳስ ዝም ይላል። ብራና ላይ ግን ተስፋ ማብዛት አያስፈልግም። አሜሪካ ስታንፎርድ ባለው ሲንክሮትሮን የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የአርኪሜድስ ጽሑፍ ከብራና ላይ የተገለጠው ቀለሙ ብረት ስለነበረው ነው። የእኛ ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ነው፤ የካርቦን ራጅ ደግሞ አየሩን እንኳ አያልፍም።

አፍሪካ የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም። ቅርቡ ዮርዳኖስ ያለው ሴሳሚ ነው። በ2017 ተመረቀ፤ ግብፅ አባል ናት፤ በ2023 የቶሞግራፊ መስመር ከፍቷል። ጤፍ መላክ አይከብድም፤ ሺህ ፍሬ ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም። ዋናው ነገር አመራረጡ ነው። ጎን ለጎን መነሳት ያለባቸው የአንድ ማሳ ሁለት ፍሬዎች ናቸው፤ አንዷ በበሬ የተበራየች፣ ሌላዋ ከዛላዋ በእጅ ተፈልፍላ መሬት ያልነካች።