የባሩድ ጥላሸት ምንድን ነው?

የድሮ ጠመንጃ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ይህን መጀመሪያ የሰማ ሰው የሚቀለድበት ይመስለዋል። ውሃ ብረትን ያዝጋል፣ ዘይት ያድናል፤ ሁላችንም የምናውቀው ይህንኑ ነው። በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ መሣሪያ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጣጣው ከተኩስ በኋላ ቱቦው ውስጥ ከሚቀረው ጥቁር ነገር ይመጣል። ጥላሸት እንበለው። ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል።

ጥላሸት ሲባል የድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥቀርሻ ትዝ ይለናል። ይህኛው ግን በአብዛኛው ጨው ነው። ጥቁር ባሩድ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ የተሠራ ነው። ሲቃጠል ሁሉም ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከ100 ግራም ባሩድ ውስጥ ወደ 55 ግራም የሚሆነው ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ ያ ወፍራም ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የፖታሲየም ካርቦኔት፣ የሰልፌትና የሰልፋይድ ድብልቅ ነው። እነዚህ ጨዎች ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ አጸዳዋለሁ» ብሎ ያሳደረ ሰው ጠዋት ቡናማ ዝገት ሊጠብቀው ይችላል። ጨው ደግሞ በማሽን ዘይት አይሟሟም፤ በውሃ ነው የሚሟሟው። ውሃው ሲነካው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይወጣል። አትደንግጡ፣ ድኙ ነው።

የድሮ መሣሪያዎች ለምን እንደዚያ ተሠሩ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ግማሹ መልስ ያለው እዚህ ጥላሸት ውስጥ ነው። ብራውን ቤስ የተባለውን የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ እንውሰድ። የቱቦው ስፋት 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥይቷ ግን 17.5 ሚሊሜትር ገደማ ነበረች። በግድየለሽነት አይደለም። በጥብቅ ልኳ ብትሠራ ኖሮ ጥቂት ተኩስ እንደተተኮሰ ጥላሸቱ መንገዱን ያጠበውና ወታደሩ በአፈሙዝ በኩል ማጉረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ልል አደረጓት፤ ዒላማ መሳቱን እያወቁ።

ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ጠመንጃ የባሰ ነበር። ጥይቱ ቦዩን መያዝ ስላለበት ጠባብ መሆን ግድ ነው። ቤከር የተባለው ጠመንጃ መጀመሪያ ሲታደል ጥይቱን ለማስገባት ትንሽ የእንጨት መዶሻ ይሰጥ ነበር። በውጊያ መሃል መዶሻ! መላውን እ.ኤ.አ. በ1849 ያመጣው ፈረንሳዊው ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ ነው። የእሱ ጥይት ከቱቦው ትንሽ ቀጠን ያለች፣ ቂጧ ባዶ የሆነች ናት። ስትገባ በቀላሉ ትገባለች። ሲተኮስ ጋዙ ቂጧን ይነፋውና ቦዩን ትይዛለች።

ጥላሸቱ እንዳይደርቅ ደግሞ ስብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ የተነሳው ታላቅ ዓመፅ አንዱ መነሻ ይኸው ስብ ነበር። በእንግሊዞች ሥር ያገለግሉ የነበሩት ሕንዳውያን ወታደሮች የአዲሱን ኤንፊልድ ጠመንጃ ባሩድና ጥይት የያዘውን የወረቀት ጥቅል በጥርሳቸው ነክሰው መቅደድ ነበረባቸው። ወረቀቱ የላምና የአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ተሰማ። ለሂንዱውም ለሙስሊሙም የማይዋጥ ነገር ነው። ዓመፁ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ እሳቱን የለኮሰችው ግን ይህች ወሬ ናት።

ዛሬም ለመዝናናት የሚተኩሱ ሰዎች ከዚሁ ጥላሸት ጋር ነው ግብግባቸው። አየሩ ደረቅ ሲሆን እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ እርጥበት ሲኖር ይለሰልሳል። ብዙዎቹ በየጥቂት ተኩሱ እርጥብ ጨርቅ ቱቦው ውስጥ ይሰዳሉ። ሰነፍ ሰው ይህን ይዘላል። ከዚያ ጥይቱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። በባሩዱና በጥይቱ መካከል ክፍተት ካለ ቱቦው ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ለዚህ ነው መጠቅጠቂያ ዘንጉ ላይ ምልክት የሚደረገው፦ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር ካልተስተካከለ ጥይቱ ቦታው አልደረሰም። ሌላም አለ። ጥላሸቱ ውስጥ የተደበቀ ፍም አዲስ የሚፈስሰውን ባሩድ ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ባሩድ ከሚያዝበት ቀንድ ወይም ዕቃ በቀጥታ ወደ ቱቦው አይፈስስም። መጀመሪያ በትንሽ መስፈሪያ ይለካል፤ ቢቀጣጠል እንኳ የሚነደው መስፈሪያው ላይ ያለው ብቻ ይሆናል።

አስተጣጠቡ ከባድ አይደለም። ቱቦው ከእንጨቱ የሚላቀቅ ከሆነ ይላቀቃል፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ በሳሙና ውሃ ይታሻል፤ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ ዘይት ይቀባል። ውሃው የፈላ ይሁን ወይስ ለብ ያለ የሚለው ክርክር አያልቅም። የፈላው ቶሎ ይደርቃል ይላሉ። ሌሎቹ ትኩስ ብረት ላይ ስስ ዝገት ወዲያው ይነሳል ይላሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ለብ ያለው ይበቃል። ዋናው በማግስቱ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አስገብቶ ማየት ነው። ቡናማ ከወጣ እንደገና ይታጠባል። ፓይሮዴክስን የመሰለ ምትክ ባሩድ የሚጠቀሙም «የኔ ጥቁር ባሩድ አይደለም» ብለው እንዳይዘናጉ፤ የእሱም ቅሪት ብረት ይበላል።

ጭስ አልባው ባሩድ ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል እ.ኤ.አ. በ1884 ካዘጋጀው ወዲህ የጥላሸቱ ችግር ከጦር ሜዳ ጠፋ። ጭስ አልባውን በድሮ ጠመንጃ ውስጥ አስገብቶ ከጽዳት መገላገል ግን አይቻልም። ግፊቱ ለሌላ ዓይነት ብረት የታሰበ ነው፤ ቱቦውን ከነተኳሹ ይበትነዋል። በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በተባለች ከተማ በሚሠሩት የድሮ ጠመንጃ ቅጂዎች ላይ ፒ እና ኤን የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተመትተው የሚታዩት ለዚሁ ነው፤ በጣሊያንኛ «ጥቁር ባሩድ» ማለት ነው።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የአገሩን ሕግ ይጠይቅ። ለጀማሪ ቅጂው ይሻላል ባይ ነኝ፤ የ150 ዓመት ብረት ላይ መማር ለብረቱም ያሳዝናል። ጥንታዊውን ካልገዛሁ ያለ ቱቦው ውስጥ መብራት ያብራ። የተጎረበጠ ነገር ካየ፣ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ሳያጥብ ተኝቷል ማለት ነው።

መብራት ከማብራት በፊት ግን ጎርሶ እንዳልሆነ ይረጋገጥ። ደረቅ ባሩድ አያረጅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሠራተኞች አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መድፍ ሲያጸዱ ባሩድና አረር እንደጎረሰ አግኝተውታል። ዘንጉን በቀስታ ቱቦው ውስጥ አውርዱና አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጉ። ከዚያ አውጡትና ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክላችሁ ቱቦው ላይ በውጭ በኩል አጋድሙት። ጫፉ የቱቦው ድፍን ጫፍ ጋ መድረስ አለበት። በግልጽ ካጠረ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። አፈሙዙን ወደ ማንም ሳታዞሩ አስቀምጡትና ባለሙያ ጥሩ።