«መሥራች አባል» ምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። አዲስ ኮዎርኪንግ፣ ማለትም ሰው እየከፈለ ገብቶ የየራሱን ሥራ የሚሠራበት የጋራ ቢሮ፣ ሊከፈት ነው። «የመጀመሪያዎቹ 50 ተመዝጋቢዎች መሥራች አባል ይሆናሉ፣ በግማሽ ዋጋ!» ይላል። የቤቱ ቀለም እንኳን ገና አልደረቀም። 50 ሰው የምን መሥራች ነው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ «መሥራች» የምትባል ቃል ናት። በቅናሽ የገባ ሰው በቅናሽ የገባ ደንበኛ ነው፣ ነውርም የለውም። መሥራች አባል ግን ቤቱ ባዶ ሳለ የመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንደሌለ እያወቀ የከፈለ፣ ነገሩ እንዴት ይሁን ሲባል የሚጠየቅና የሚሰማ ሰው ነው።

እርሾ በሉት። ሊጥ ብዙ ስለሆነ አይቦካም። እርሾ ደግሞ በማስታወቂያ አይመጣም፣ ጎረቤት ሄዶ ነው የሚለመነው። ብርዳችንም አለ፤ ሌላ አገር ቶሎ የሚደርስ ሊጥ እዚህ ጋቢ ደርበውለትም ይለግማል። ሊጡ ሳይቦካ አብሲት የሚጥል አይቼ አላውቅም፣ 50 ወንበር ቀድሞ የሚገዛ ግን ይኸው አየሁ።

ኮዎርኪንግን እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የጀመረው ብራድ ኑበርግ እንኳን የከፈተው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣለትም።

እኛም የራሳችንን ኮዎርኪንግ ስንጀምር አራት ነበርን። ማክሰኞና ሐሙስ ካፌ ጥግ እየተገናኘን እንሠራ ነበር። ቤት የተከራየነው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ብዙ ብር ያወጣሁበትን ረጅም ጠረጴዛ መሃል ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ስገባ አንዷ አባላችን ወንበሯን ጎትታ፣ ጋቢዋን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ሥር ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትሠራለች። ሁለቱ ልጆችም ተከተሏት። ምን ላድርግ፣ ጠረጴዛውን ለአራት ተሸክመን ወደ መስኮቱ ወሰድነው፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። መመሥረት ማለት ለኔ ይሄ ነው።

ይህን ስል አንዱ አስተያየት ሰጪ «ገንዘቡ ያው ገንዘብ አይደል እንዴ?» አለኝ። አይደለም ወንድሜ። ለቅናሽ ብሎ የመጣ ቅናሹ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ያኔ ያንተ ኪራይ ግን ሙሉ ነው። ደግሞ ቀድመህ የሰበሰብከው የዓመት ክፍያ ገቢ አይደለም፤ አገልግሎቱን እስክትሰጥ ድረስ ዕዳ ነው። በሱ ወንበር ገዝተህበት ሰውዬው በሦስተኛው ወር «ብሬን መልስ» ቢልህስ? (ድሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ አይለቅም።) ካነሳነው አይቀር፣ በንግድ ሕጋችን፣ በአዋጅ 1243/2013፣ የአክሲዮን ማኅበር «መሥራች» ኃላፊነት ያለበት ስም ነው። ግማሽ ዋጋ የከፈለ ሁሉ ድርሻ ያለው ሊመስለው ይችላልና ምን ማለትህ እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጥ። አክሲዮን እየሸጥክ ካልሆነ አልሸጥኩም በል።

ትናንት ማታ በዚያ ቤት በኩል አለፍኩ። ወንበሮቹ ገብተዋል፣ ላስቲካቸው እንኳን አልተነሳም። ሁሉም ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። በምሥራቅ በኩል ባለው ትልቁ መስኮት ላይ ማስታወቂያው ተለጥፎበታል።