«ሰማንያ የለንም» እና ሌሎች ስለ ጋብቻ የሚነገሩ ስህተቶች

በቤተሰብ ጉዳይ ጥብቅና መቆም ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። በእነዚህ ዓመታት ሕጉ ተለውጧል፣ ችሎቶች ከሰፈር ሰፈር ተዘዋውረዋል፤ ደንበኞቼ ገና ወንበር ሳይስቡ የሚናገሩት ነገር ግን አንድም ቀን አልተለወጠም፦ «እኛ እንኳ ሰማንያ የለንም፤ በሕግ አልተጋባንም።» ይህን የሚሉት ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ባልተገረምኩ ነበር። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ብሎኛል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ብላኛለች፣ አንድ ጊዜም የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው ስለ ገዛ እህቱ ትዳር ሲናገር እንዲሁ ብሎኝ ያፈርኩለት እኔ ነኝ።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ጋብቻ በሦስት ዓይነት ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ ወይም በባህል ሥርዓት። ከዚያ በፊትም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለሃይማኖታዊና ለባህላዊ ጋብቻ ዕውቅና የሚሰጥ ሕግ ሊወጣ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና በጊዜው የነበረው የደቡብ ክልል የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ቢያወጡም፣ በዚህ ነጥብ ላይ ከፌዴራሉ አልራቁም። ስለዚህ በተክሊል የተጋባችው፣ ኒካህ የታሰረላት፣ በአካባቢዋ ባህል ሽማግሌ ተልኮላት የተዳረችው ሴት፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ከፈረመችው ሴት በምንም አታንስም። አንቀጽ 40 ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ይፈጸም ውጤቱ አንድ ነው ይላል። የሚገርመኝ ደግሞ «ሰማንያ» የሚለው ቃል ራሱ በምስክሮች ፊት በውል ይፈጸም የነበረ የቆየ የባህል ጋብቻ ስም መሆኑ ነው። ሰዎች የባህል ጋብቻን በሚያጣጥሉበት አፍ የባህል ጋብቻን ስም ይጠራሉ።

ከብዙዎቹ ጉዳዮች አንዱን ልጥቀስ። ወሎ ውስጥ በኒካህ ተጋብተው አዲስ አበባ የገቡ ባልና ሚስት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው፣ አራት ልጆች አሳድገዋል። የቤቱ ካርታ በባልየው ስም ነበር። ሲጣሉ ባልየው ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አውጥቶ ቤቱን ሸጠው። ሚስትየዋ ወደ እኔ የመጣችው ሽያጩን በሰማች በሁለተኛው ወር ሲሆን፣ የመጣችውም ልትከስ ሳይሆን «ለልጆቼ ትንሽ ነገር እንዲሰጠኝ ለምንልኝ» ልትለኝ ነበር። መብቷን እንደ ምጽዋት ነበር የምትጠይቀው፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ኒካሁ ላይ ወልይ (ሙሽራዋን ወክሎ የሚድራት ዘመድ) የነበሩትን አጎቷን፣ ሁለት ጎረቤቶቿን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባልየው በገዛ እጁ «ባለቤቴ» ብሎ ስሟን ያስመዘገበበትን የእድር መዝገብ ለችሎቱ አቀረብን። ጋብቻው ተረጋገጠ፤ ሽያጩም ፈረሰ።

ሕጉ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በሌለ ጊዜ ተጋቢዎቹ እንደ ባልና ሚስት ሲተያዩና ሲኖሩ፣ ቤተሰብና ኅብረተሰቡም እንዲሁ ሲያያቸው የቆየ መሆኑ ሲረጋገጥ ጋብቻ እንዳለ ግምት ይወስዳል። ወረቀቱ የጋብቻው ማስረጃ እንጂ ጋብቻው ራሱ አይደለም። ይህ ማለት ግን ወረቀቱ አያስፈልግም ማለት አይደለምና፣ ተክሊልም ሆነ ኒካህ ወይም የባህል ጋብቻ የፈጸማችሁ ሁሉ አስመዝግቡ፤ የቤተሰብ ሕጉም ሆነ አዋጅ ቁጥር 760/2004 በየትኛውም ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ። ካላስመዘገባችሁ ደግሞ ቢያንስ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የነበሩትን ሰዎች እወቋቸው፣ ፎቶግራፉን አትጣሉ፣ የእድር መዝገቡ ላይ ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ። የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ተጋቢ ያለ ሌላው ፈቃድ ከሸጠ፣ ሽያጩ እንዲፈርስ የሚጠየቀው ባወቃችሁ በስድስት ወር ውስጥ ሲሆን፣ ባታውቁም እንኳ ከሁለት ዓመት አያልፍም። ካርታው በማን ስም መሆኑ አያስፈራችሁ፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።

የዚሁ ስህተት ግልባጭ «ሰማንያዬን ቀድጃለሁ» የሚለው ነው። የተቀደደው ወረቀት ነው፤ ትዳሩ ባለበት አለ። አንድ ጊዜ የተከበሩ ሽማግሌ «ጠበቃው፣ እኛ እኮ አፋትተናቸዋል!» ብለው ሰባት ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ዘረጉልኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ስለነበር አንቱ በሚባል ሰው ላይ አልፈርድም፤ ዛሬ ግን የሽማግሌ ድርሻ ማስታረቅ ሲሆን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በሁለቱም ወገኖች ፈቃድ ጉዳዩን የሚያዩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ፍርድ ቤቶች ናቸው እንጂ የሰፈር ሽምግልና አይደሉም። ያን ወረቀት ይዞ ሌላ ሴት ያገባው ልጅ አሜሪካ ለመሄድ ሲያመለክት የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ተጠየቀ፤ አልነበረውም። ዲቪ የሚሞሉም ይስሙ፦ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ተጋብታችሁ፣ አልተመዘገበም ብላችሁ «ያላገባ» ብትሞሉ፣ አሜሪካኖች የሚያዩት ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ ጋብቻ መሆን አለመሆኑን ነው፤ የትዳር ጓደኛን አለመጥቀስም ዕድሉን ያስቀራል።

«ሃይማኖቴ ከፈቀደ ሁለተኛ ሚስት ሕጋዊ ናት» ለሚሉ፦ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 በጋብቻ የታሰረ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 651 በሕግ ዕውቅና ያገኘ የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓትን ከቅጣት ነጻ ቢያደርግም፣ ከቅጣት መዳንና ጋብቻው መጽናት ለየቅል ናቸው።

«ጠልፎ ካገባት ክሱ ይቀራል»፦ የድሮው ሕግ ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አይቀርም። «በባህል ከሆነ በአሥራ አምስት ዓመቷም ይቻላል»፦ አይቻልም፤ 18 ዓመት ለሦስቱም ሥርዓት ነው። «ዱባይ ያለ ሰው በውክልና ያገባል»፦ ከባድ ምክንያት መኖሩና የተጋቢው ሙሉ ፈቃድ ተረጋግጦ በፍትሕ ሚኒስቴር ካልተፈቀደ በቀር አያገባም።

«ሦስት ዓመት አብሮ የኖረ ባለትዳር ነው» የሚለው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል፤ በ1952ቱ ሕግ ይህም አልነበረም። ጋብቻ ግን አይሆንም፣ ለመለያየትም የፍቺ ውሳኔ አያስፈልገውም። በኒካህ ወይም በባህል የተጋባ ሰው ራሱን ከነዚህ ጋር መመደቡ ነው የሚያስቆጨኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን መብት ትቶ ሦስት ዓመት ይቆጥራል።

በመጨረሻ፣ ባለ ሰማንያዎችም የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባልም ሆነ ሚስት በሕግ የሟች ወራሽ አይደሉም። የጋራውን ሀብት ግማሽ ይወስዳሉ፤ የሟች ድርሻ የልጆች፣ ልጅ ከሌለም የወላጆችና የሌሎች ዘመዶች ነው። ለትዳር ጓደኛችሁ ከግማሹ በላይ እንዲተርፍ የምትፈልጉ ኑዛዜ ጻፉ፤ አራት ምስክር ጥሩና በሁላቸውም ፊት ይነበብ።