ሳሙና፣ ሲባጎና የድሮ ብር፦ ታሪክን ቤት ውስጥ በተግባር ስለማስተማር የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች

አዳማ ውስጥ ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ ሒሳቡ ላይ ብዙም አይጠየቅም። ታሪክን እየሠራን፣ እየለካንና እየዞርን እንማራለን ሲል ግን ጎረቤቱም አክስቱም አስተያየት አላቸው። ደጋግመው ጆሮዬ የገቡትን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ይሄ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም»

አንዳንዴ እውነት ነው። ልጁ የአክሱምን ሐውልት ከካርቶን ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ ግድግዳ ላይ ከለጠፈ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ከሌለው፣ የሠራው የእጅ ሥራ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ታሪክ አልተማረም። መለኪያዬ አንድ ነው፦ እጁ ከመጽሐፉ ያላገኘው ነገር አግኝቷል ወይ?

ላሊበላን እንውሰድ። ከወጥ ቋጥኝ የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ልጁ በአምስት ደቂቃ ይሸመድዳል። አሁን አንድ የልብስ ሳሙናና የሻይ ማንኪያ ስጡትና ቤተ ጊዮርጊስን መቅረጽ ይጀምር። ሕጉ ሁለት ነው፦ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራል። መሃል ላይ የሚቀረውን በመስቀል ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ ውስጡን ይፈለፍላል። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ክንድ ይሰበራል፤ ልጁም ሙጫ ይጠይቃል። ሙጫ የለም። «እነሱስ ሲሰበርባቸው ምን ያደርጉ ነበር?» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ፍርፋሪው ጠረጴዛውን ሲሞላው ደግሞ ያን ሁሉ ድንጋይ የት እንደወሰዱት ይጠይቃል። ትክክለኛው ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ጥልቀት እንዳለው የምትነግሩት ያኔ ነው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ አይጠፋውም። (ፍርፋሪውን አትጣሉት፤ ልብስ ያጥባል። በሳሙና እጁ ዓይኑን እንዳያሽ ብቻ ተጠንቀቁ።)

«ሙዚየሙ ያለው አዲስ አበባ፤ እዚህ ምን አለ?»

ይቺን ስሰማ እናደዳለሁ። አዳማ ከባቡር ጋር ያደገች ከተማ ናት። ሐዲዱን ከጅቡቲ መዘርጋት የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። ካርታ ዘርግታችሁ ልጁ በክር ይለካው። ከዚያ ከድሬዳዋ በኋላ የቀረው መንገድ ለምን ያን ያህል ዓመት እንደፈጀ ይገምት። ተራራውን ይጠቅስ ይሆናል። የመጀመሪያው ኩባንያ እንደከሰረና የአውሮፓ መንግሥታት በመስመሩ እንደተጨቃጨቁ ንገሩት፤ ምን ያህል እንደሚገረም ታያላችሁ።

ቀጥሎ ጠመኔ አንሱ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር። ሁለቱንም ወለሉ ላይ ያስምር። የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ይሄዳል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱን መሬት ላይ ያየዋል።

በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብም እዚሁ አጠገባችን ነው፤ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የአምስቱን ዓመት ወረራ የተማረ ልጅ ግድቡ ፊት ቆሞ ይህን ቢሰማ ጦርነት ካለቀ በኋላ ሒሳብ እንዳለው ይገባዋል። ወንጂም አለላችሁ። በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው የደች ኩባንያ ቀድሞ ትልልቅ እርሻ የነበረው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው። ከዚያ እዚህ ምን አመጣው? ይሄ ለከፍ ላሉ ልጆች የሳምንት ሥራ ይሆናል።

«ትንሽ ልጅ ዘመን አይገባውም»

በቁጥር ብቻ ከሆነ ለትልቁም አይገባም። ሲባጎ አምጡና አንዱን ዓመት በአንድ ሴንቲሜትር አስሉ። የ9 ዓመት ልጅ ዕድሜ 9 ሴንቲሜትር ነው፤ ከጣቱ ብዙም አይበልጥም። አያቱ 70 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ዓድዋ ከ1 ሜትር ከ30 ትንሽ ከፍ ዝቅ ትላለች። ንጉሥ ኢዛና ጋ ለመድረስ ወደ 17 ሜትር ስለሚያስፈልግ ከበር ውጪ ትወጣላችሁ። ሉሲስ? 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ 32 ኪሎ ሜትር! ሲባጎው በአስፋልቱ ሞጆን አልፎ ይሄዳል። ቁመቷ ደግሞ 1.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ መቃኑ ላይ ምልክት አድርጉና ልጁ አጠገቡ ይቁም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ዓድዋ 1896 ተብሎ ይገኛል፤ እኛ የካቲት 23 ቀን 1888 እንላለን። ሲባጎው ላይ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር እየተዛነፈ ያበሳጫችኋል።

«አያት የሚያወሩት ወሬ ነው»

ሌላው ወገን ደግሞ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል። ሁለቱም አያዋጣም። ልጁ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቅ፤ የባቡሩን ፊሽካ የሚያስታውሱ አዛውንት አዳማ ውስጥ አይጠፉም። የተለያየበትን ቦታ ይጻፍ። እንዲህ ባለች ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት ከተማ ሁለት ጎረቤት አንዱን ዘመን በአንድ ዓይን ላያየው ይችላል፤ ይህን ከልጅ መደበቅ አይጠቅምም።

ሣጥን ውስጥ የቀረ የድሮ ብር ካለ ደግሞ አውጡት። የጃንሆይ ብር ላይ ንጉሡ አሉ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ባወጣው ላይ ባለ አምስቱ ቡና የሚለቅም ሰው፣ ባለ አሥሩ ስፌት የምትሰፋ ሴት ይዘዋል። በመስከረም 2013 የወጣውን የአሁኑን አጠገባቸው አስቀምጡና ብር ላይ የሚወጣውን ማን እንደሚመርጥ ልጁ ይከራከር።

«ወላጁ ታሪክ ያጠና መሆን አለበት»

የለበትም። «አላውቅም፣ እንፈልገው» ማለት ይበቃል።

«ፈተና ሲመጣ ይወድቃል»

ማንበቡንና መጻፉን ከተወ፣ አዎ ይወድቃል። በተግባር መማር መጽሐፍን አይተካም፤ ይቀድመዋል እንጂ። ሳሙናው ከተቀረጸ በኋላ ምዕራፉ ይነበባል፤ ከዚያ ልጁ በራሱ ቃል አንድ አንቀጽ ይጽፋል። ዓመተ ምሕረቶቹን በትናንሽ ወረቀት ጽፎ መሸምደድም አይቀርለትም። ታሪክ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ የሚመጣው 9ኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ለታናናሾቹ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ቤት የሚማር ልጅ ለክልላዊና ለብሔራዊ ፈተና እንዴት እንደሚመዘገብ ግን ዓመቱ ሳይጋመስ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።